የአካባቢ መጠሪያ፦ ቡልቲ

"ቻቻ፣ ይቺን ምን ትሏታላችሁ?"

ድልሩባ ከቅርጫቱ ውስጥ ጣት የምታህል ዓሣ በጭራዋ አንጠልጥላ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገቻት። ብርማ ናት። ክንፎቿ ጫፋቸው ላይ ብርቱካንማ ናቸው፤ ጭራዋ ሥር በእስክሪብቶ የተነካች የምትመስል ጥቁር ነጥብ አለቻት። ቻቻ፣ ማለትም አጎቴ፣ ያለችው ዓሣ ሻጭ ቶፋጆል በእግሩ ረግጦ ባቆመው ስለት ላይ የትልቅ ዓሣ ጭንቅላት እየለየ ነበርና ቀና አላለም።

"ዓሣ።"

"ዓሣ መሆኗንማ አየሁ። ስሟን ነው የምጠይቅዎት።"

"እናቴ፣ ይቺ ደግሞ ስም የሚወጣላት ናት?" አለ ቶፋጆል አሁን ቀና ብሎ። "ከትንንሾቹ ጋር ተደባልቃ በሰሃን ትሸጣለች። ቤት ሲወስዷት በሽንኩርትና በሰናፍጭ ዘይት ትጠበሳለች። አበቃ።"

"ቡልቲ አትሏትም?"

"ማነው ቡልቲ?"

ከጎኑ ሽሪምፕ የሚሸጠው ሰውዬ ጨዋታው ውስጥ ገባ። "የሚስቴ ታናሽ እህት የቤት ስሟ ቡልቲ ነው። እውነትም አፏ እንደዚህች ዓሣ ተከፍቶ የሚውል ነው። ከፈለግሽ ልጥራልሽ።"

ሁለቱ ሽማግሎች ሳቁ። ድልሩባም ፈገግ አለችና ዓሣዋን ወደ ቅርጫቱ መለሰች። ከወንዙ ዳር ጀምራ ገበያውን ስትጠይቅ ነው ያረፈደችው። ከሃኦሩ፣ ማለትም በዝናብ ወራት ባሕር፣ በበጋ ሩዝ ማሳ ከሚሆነው ሜዳ፣ በጀልባ የመጡትን አስጋሪዎች ጭምር ጠይቃለች። ቡልቲ የሚባል ዓሣ የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘችም።

ስልኳን አውጥታ ገጹን እንደገና ከፈተችው። በቤንጋሊኛው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ ከዓሣዋ ሥዕል ሥር ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ቃሉ ከተጻፈ አራት ዓመት ሆኖታል፦ "የአካባቢ መጠሪያ፦ ቡልቲ።" ከዚያ ወዲህ ሁለት ጋዜጦች ደግመውታል። አንድ ትምህርት ቤትም በተማሪዎች መልመጃ ላይ አስገብቶታል። የጻፉት የድልሩባ የኮሌጅ የሥነ እንስሳት መምህር ሞታሃር ሰር ናቸው። ስለ ሃኦሩ ዓሦች ከመቶ በላይ ጽሑፎችን በፈቃደኝነት አበርክተዋል። ነገ፣ በቋንቋ ቀን፣ አውራጃው በአደባባይ ይሸልማቸዋል። ስለ እርሳቸው የምስጋና ንግግር እንድታደርግ የተመረጠችው ደግሞ ድልሩባ ናት።

ወደ መዝገበ ዕውቀቱ ያስገቧትም እርሳቸው ነበሩ። የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ፣ ማታ ማታ የሌሎችን ጽሑፍ መፈተሽ ጀመረች። በማይክሮስኮፕ ደም ስታይ የምትውል ሴት ስለሆነች ዓይኗ አይስትም፤ ቆይቶም ጽሑፍ የመሰረዝ ሥልጣን ካላቸው ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ሆነች። ትናንት የደረሳት መልእክት ለዚያ ሥልጣኗ የተላከ ነው፦

"ቡልቲ የሚለው ቃል የዓሣ አይደለም። ዓረፍተ ነገሮቹም የሞታሃር ሰር አይደሉም። የአባቴ የኖኒጎፓል ዳስ ናቸው። አውርዱልኝ። ሱፕሮባ ዳስ፣ ልብስ ሰፊ፣ የጀልባ መውጫው አጠገብ።"

ቀኑ አርብ፣ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን፣ ስለሆነ ላቦራቶሪው ዝግ ነው። ድልሩባ ባጃጅ መሰል የባትሪ ሪክሾ አስቆመች።

ሱፕሮባ ዳስ በቆርቆሮ ቤቷ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ፣ የሙሽራ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከንፈሮቿ መካከል መርፌ ይዛለች።

"አዳብ፣ ዲዲ" አለች ድልሩባ፣ ለታላቅ እህት እንደሚባለው ሰላም ብላ። "መልእክትዎን ያየሁት እኔ ነኝ። ድልሩባ እባላለሁ።"

ሱፕሮባ መርፌውን ከአፏ አወጣች። "ከመንግሥት ነሽ?"

"አይደለሁም። በነጻ የምሠራ ነኝ። ጽሑፎቹን እንፈትሻለን፤ ከሰው የተገለበጠ ካለ እናነሳለን።"

"አራት ዓመት ሙሉ የት ሄዳችሁ ነበር ታዲያ?"

ያን ጊዜ የሞታሃር ሰርን ጽሑፎች የፈተሸቻቸው ራሷ ድልሩባ ናት። ኢንተርኔት ላይ ካለው ሁሉ ጋር አስተያይታ ምንም አላገኘችም። ኢንተርኔት ላይ የሌለ መጽሐፍ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሱፕሮባ ገብታ መጽሐፉን አመጣች። ሰማያዊ ሽፋኑ በእርጥበት ብዛት ተጣሟል። ድልሩባ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን በአንድ ጉልበቷ፣ ስልኳን በሌላው ላይ አደረገችና ዓረፍተ ነገር ከዓረፍተ ነገር ታስተያይ ጀመር። የመጀመሪያው ዓሣ፣ ቃል በቃል። ሁለተኛውም። አልፎ አልፎ ነጠላ ሰረዝ ተጨምሯል፤ "ጀልባ" የሚለው "የውሃ መጓጓዣ" ተብሏል። ከመሃል ገልጣ አየች፤ ከመጨረሻም ገልጣ አየች። ከዚያ ያቺ ዓሣ ጋ ደረሰች፦

"ይቺ ዓሣ ከውሃ የምትዘለው ስትፈራ አይደለም፤ ስትሰለች ነው።"

ድልሩባ ጣቷን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አሳርፋ ቆየች። የነገው ንግግሯ የሚጀምረው በዚህ ነበር። "መምህራችን ዓሣን እንዲህ ያያሉ" ብላ ጽፋለች። ሞታሃር ሰር ከጻፉት ሁሉ የምትወደው እሱን ነበር።

"ያቺ እኔ ነኝ" አለች ሱፕሮባ፣ ቁልፍ መትከሏን ሳታቋርጥ።

"ማን?"

"ዘላይዋ። አባቴ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ነበር። ሃኦር ሲወርድ በጀልባ ይዞኝ ይሄዳል። ዓሣ ሲለካ ሲመዝን ይሰለቸኝና ውሃ ውስጥ እዘላለሁ። ይቺ ዓሣ ስም አልነበራትም። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ደግሞ 'የአካባቢ መጠሪያ' የሚለው ባዶ ሆኖ ሲመጣላቸው አይወዱም፤ ሥራህን አልሠራህም ይሉታል። የኔን የቤት ስም ጻፈላቸው። መጽሐፉንም ሲያወጣ እንደዚያው ተወው።"

"ቡልቲ።"

"አትጥሪው" አለች ሱፕሮባ በዝግታ። "እሱ ብቻ ነበር የሚጠራኝ። ከሞተ ጀምሮ በዚያ ስም የጠራኝ የለም። ያለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ መኪናው ላይ ነኝ፤ እሷ ከኋላዬ ጮክ ብላ ታጠናለች። 'ቡልቲ' ስትል 'አቤት' አልኩ።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ሳቀችብኝ። 'እማ፣ ዓሣ እኮ ነው' አለችኝ።"

ከጀልባ መውጫው የሞተር ድምፅ መጣ።

"ዲዲ፣ አንድ መንገድ አለ" አለች ድልሩባ። "እርስዎ ወራሽ ነዎት። ፈቃድ ከሰጡ ጽሑፎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የአባትዎም ስም ይሰፍራል። ቃሉንም አወጣዋለሁ። ግን ሳልነግርዎት ማለፍ አልችልም፤ አንዴ ከፈቀዱ ማንም ሰው ወስዶ ሊያሳትመው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ስሙን መጥቀስ ብቻ ነው ግዴታው። በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ማለት አይቻልም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ሱፕሮባ ሸሚዙን ገልብጣ ስፌቱን መረመረች። "ይሄን መጽሐፍ አባቴ ለሞታሃር ሰር በእጁ ነው የሰጣቸው። አብሬው ነበርኩ። 'ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ' አሉት። ወንበር ግን አላቀረቡለትም፤ የአስጋሪ ልጅ ነዋ። በር ላይ እንደቆመ ሰጥቶ ተመለሰ።" ቀና ብላ አየቻት። "ሲጽፉ ስሙን መጥቀስ ይችሉ ነበር። አራት ዓመት ሙሉም ይችሉ ነበር። ሳትጠይቁ ወሰዳችሁ፤ ስትያዙ መጥታችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም። መጀመሪያ አውርዱ። ሲወርድ መጥተሽ ጠይቂኝ። እሺ ልል እችላለሁ፤ ላልልም እችላለሁ።"

"እሺ፣ ዲዲ።"

"ሌላም ነገር። የዓሣዋ ስም አለመሆኑን ጻፊ። የማን እንደሆነ ግን እንዳትጽፊ።"

ሞታሃር ሰር ቤት ስትደርስ፣ ለነገ የተሰፋላቸውን ነጭ ፓንጃቢ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ረጅም ሸሚዝ፣ ለብሰው መስተዋት ፊት ቆመዋል። ባለቤታቸው፣ ድልሩባ ቻቺ፣ አክስቴ፣ የምትላቸው፣ ተንበርክከው የጠርዙን ክር ያስተካክላሉ።

"መጣሽ" አሉ ሰር፤ ፊታቸው በራ። "ንግግሩን ልታሰሚኝ ነው? አታብዢው እንጂ። አንቺ ስታደንቂ መጠን የለሽም።"

"ሰር፣ የኖኒጎፓል ዳስ መጽሐፍ እርስዎ ጋ ነው ያለው?"

ቻቺ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ሰር በመስተዋቱ ውስጥ ድልሩባን ተመለከቷት። ከዚያ "አንቺ፣ ሻይ አፍይልን" አሉ ሚስታቸውን፤ ቻቺ እስኪወጡም ጠበቁ።

"ሌባ ነህ ልትዪኝ ነው የመጣሽው?"

"ገልብጠዋል ነው የምለው፣ ሰር። ሁሉንም።"

"ዕውቀት ባለቤት የለውም። ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"ዕውቀቱማ የለውም። ዓሣዋ ጭራዋ ሥር ነጥብ እንዳላት ማንም ሊጽፍ ይችላል። 'ስትሰለች ነው' የሚለው ግን የሰው ዓረፍተ ነገር ነው።"

"እንዳለ አልወሰድኩትም፤ አርሜዋለሁ።"

"ነጠላ ሰረዝ ጨምረዋል። አይቻለሁ። ብዙው አያስፈልግም ነበር።"

ሰር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ልብስ ሥራቸው ተጨማደደ። "ስሚኝ ድልሩባ። መጽሐፉን ምስጥ እየበላው ነበር። የኮሌጁ ቅጂ ጠፍቷል። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። እኔ ባልጽፈው ማን ያነበው ነበር? ዛሬ ዳካ ያለ ተማሪ፣ ኮልካታ ያለ ተማሪ ያነበዋል። ይሄ ስርቆት ነው?"

"ስማቸውን ጽፈው ሴት ልጃቸውን አስፈቅደው ቢሆን አልነበረም።"

"እዚያ ላይ የኔም ሙሉ ስም የለም። የተጠቃሚ መለያ ነው ያለው።"

"ነገ መድረክ ላይ የሚወጣው መለያው ነው?"

ሰር በለዘበ ድምፅ "መጽሐፉን ከሥር እንደ ምንጭ ጨምሪበትና ይለቅ" አሉ።

"ምንጭ መጥቀስ ለመገልበጥ ፈቃድ አይሆንም። ሰውየው ከሞቱ ሕጉ የሚጠይቀው ስልሳ ዓመት ገና አልሞላቸውም፤ መብቱ የልጃቸው ነው። ይሄንን ለአዲስ ገቢዎች የማስረዳው እኔ ነኝ፤ የማብራሪያውን ጽሑፍ ያረሙልኝ ደግሞ እርስዎ። ቡልቲን ማንን ጠይቀው ጻፉ?"

"ማንን እጠይቃለሁ? ዓሣ ሻጭ?"

"አዎ፣ ዓሣ ሻጭ። ዛሬ ጠዋት ጠየቅኳቸው። አንድም የሚያውቅ የለም። ካላያችሁ አትጻፉ ይሉን ነበር፣ ሰር። እንቁራሪት አስቀምጠው፣ መጽሐፍ አስዘግተው፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ይሉን ነበር።"

ሽማግሌው እጆቻቸውን አዩ። እንደ ክፍል ውስጥ ድምፃቸው አልነበረም ሲናገሩ። "ከኮሚላ ከተማ ተመድቤ ስመጣ የሃኦር ልጆች ናቸው የተሰጡኝ። ከኔ የበለጠ ዓሣ የሚያውቁ። ስሙን በነሱ ቋንቋ እየጠሩ ይጠይቁኛል፤ እኔ የላቲኑን ስም እነግራቸዋለሁ። አንድም ቀን ጀልባ ላይ አልወጣሁም። ውሃ እፈራለሁ። መጽሐፉ ላይ ቡልቲ የሚለውን ሳይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሰለኝ። ብጠይቅ አለማወቄ ይታወቃል።"

ድልሩባ ይሄን ከመስማት ቢቆጡ ትመርጥ ነበር።

"ነገ ይለፍ" አሉ ሰር። "ሌላ ምንም አልለምንሽም። ነገ ንግግርሽን አድርጊ። ከነገ ወዲያ የፈለግሽውን አውርጂ። ወይም ደግሞ ዛሬውኑ አውርጂና ምክንያቱ ላይ 'ጸሐፊው ራሳቸው አንስተውታል' በዪ። እሱም ውሸት አይሆንም፤ ይኸው አንሺው እያልኩሽ ነው።"

ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። ይቻል ነበር። ጽሑፉ ይወርዳል፣ ሱፕሮባ የጠየቀችው ይፈጸማል፣ ሽማግሌውም ተሸልመው ይገባሉ። ግን ምክንያቱ ካልተጻፈ ቃሉ አይሞትም። ጋዜጦቹ አያርሙትም፤ መልመጃው ላይም ይቆያል። የዛሬ ዓመት ሌላ ሰው ከጋዜጣው ወስዶ ወደ መዝገበ ዕውቀቱ ይመልሰዋል። የሱፕሮባ ልጅ ታናናሾችም ከኋላዋ ጮክ ብለው ያጠኑታል።

"አልችልም፣ ሰር።"

"አንቺን ሰው ያደረገሽ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

ቻቺ ሻይና የተቆላ ሩዝ ይዘው ገቡ። ድልሩባ ስትነሳ አይተው "ልጄ፣ ሻይሽን ሳትጠጪ?" አሉ።

"ተያት" አሉ ሰር፤ ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ መልሰው። "ሥራ አላት።"

ቤቷ የደረሰችው የአስር ሰዓቱ ሶላት ሲጠራ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ መልእክት ላከች፤ ነገ ንግግር እንደማታደርግ፣ ምክንያቱን በመዝገበ ዕውቀቱ ላይ እንደሚያገኙት ጻፈች። ከዚያ ወደ ጽሑፎቹ ገባች።

እያንዳንዱን ከመሰረዟ በፊት ፎቶ አንስታ ካመጣቻቸው የመጽሐፉ ገጾች ጋር አስተያየችው። ለይቶ ማትረፍ ትችል እንደሆነ ነበር የምትሞክረው። አልቻለችም። ሞታሃር ሰር ራሳቸው የጻፉት ሆኖ የተገኘው ስለ ኮሌጁ ሕንፃ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ደረቅ ነበር፤ ግን የራሳቸው ነበር። እሱን ተወችው። በሌሎቹ ላይ፣ በምክንያቱ ቦታ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "በተጠቃሚው ሞታሃር ከኖኒጎፓል ዳስ መጽሐፍ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ። የቅጂ መብቱ የወራሿ ነው።" የሃኦሩ ዓሦች ተራ በተራ ወደ ባዶ ገጽ ተለወጡ። በቤንጋሊኛ ስለ እነሱ የሚነበብ ነገር ኢንተርኔት ላይ አልቀረም ማለት ይቻላል።

ያቺን ዓሣ መጨረሻ ላይ አቆየቻት። ከሰረዘቻትም በኋላ አዲስ ገጽ ከፈተችና ጠዋት ያየችውን በራሷ ቃል ጻፈች፦ ጣት የምታህል፣ ብርማ፣ ክንፎቿ ጫፋቸው ብርቱካንማ፣ ጭራዋ ሥር ጥቁር ነጥብ ያላት። በገበያ ከሌሎች ትንንሽ ዓሦች ጋር ተደባልቃ ትሸጣለች። ደረቅ ሆነባት። መዝለሏን አላየችምና አልጻፈችውም። "የአካባቢ መጠሪያ" የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን ፕሮግራሙ በቀይ አስጠነቀቃት። አለፈችው።

ስልኳ ጠራ፤ ቻቺ ናቸው።

"ልጄ፣ ልብሱን አውልቆ ተኝቷል። አዘጋጆቹ ደውለው ነበር። ምን እንዳሉት አልነግርሽም አለኝ።"

"ቻቺ..."

"አልወቅስሽም። ነጭ ልብስ ነው፤ እንዲሁ ተቀምጦ ቢጫ ይሆናል ብዬ ነው ያዘንኩት።" ዘጉት።

ድልሩባ ለሱፕሮባ "ወርዷል፣ ዲዲ" ብላ ላከችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "አየሁት። አመሰግናለሁ አልልሽም።"

ወደ ኮምፒውተሩ ስትመለስ የውይይት ገጹ ላይ ጥያቄ ይጠብቃታል። የኮልካታው ኦርኖብ ነው፤ እንደ እሷ ፈታሽ የሆነ፣ ነገር ሳያጣራ የማይተኛ ልጅ።

"ድልሩባ ዲዲ፣ መገልበጡን አየሁ፤ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። አዲሱ ገጽ ላይ ቡልቲ የሚለውን ለምን አላስገባሽውም? ሁለት ጋዜጣ ላይ አለ እኮ። ስም ደግሞ የቅጂ መብት የለውም። ወይስ አንቺ የምታውቂው፣ እኛ የማናውቀው ምንጭ አለ?"

ድልሩባ መጻፍ ጀመረች። ስለ ጀልባው ጻፈች፤ ባዶ ቦታ ስለማይወዱት አለቆች፣ ከኋላ ስትጠራ "አቤት" ስላለችው ሴት ጻፈች። ጥሩ ታሪክ ነበር፤ ኦርኖብም ሌላውም ወዲያው ያምነው ነበር። አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ ቃል በቃል አጠፋችውና አንድ መስመር ጻፈች፦

"ገበያው ላይ ጠይቄያለሁ። የዓሣ ስም አይደለም።"